ሁለተኛው ምልክት

በሰማንያ ሦስት ከምፅዋ ተፈናቅዬ አዲስ አበባ ስገባ ከባሕር ጋር የተቆራረጥኩ መስሎኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በሳንቡክ ጀልባ ዓሣ ሳጠምድ ኖሬ ላፍቶ ውስጥ የአንድ ቪላ የቀን ዘበኛ ሆንኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ጽሑፌ ቢጣመምም ነገሩ አልተጣመመም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ቪላውን የባሕር ነገር የተማረ አንድ ሰው ተከራየው። ያን ጊዜ ሁለቱ አገሮች ገና አልተጣሉም፤ ሰውም ወረቀትም ይመላለስ ነበር። እሱም እዚያ ማዶ ላለ መሥሪያ ቤት በውል ይሠራል። ሥራው ከምፅዋ ፊት ለፊት ባሉት ደሴቶች ዙሪያ ጥብቅ ክልል ማስመር ነው፤ መረብ የማይጣልበት፣ ኤሊውም ዓሣውም ሳይነካ የሚራባበት ባሕር ማለት ነው።

አንድ ቀን በር ስከፍትለት መኪናውን አቆመና፣

«አባባ፣ ምፅዋ ነበሩ የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ።

«ነበርኩ።»

«ካርታ ያውቃሉ?»

«ካርታ አላውቅም። ባሕሩን ጠይቀኝ።»

እሱ አንቱ ይለኛል፣ እኔ አንተ እለዋለሁ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ ደመወዝ ስለከፈለኝ አንቱ አልለውም።

በረንዳው ላይ ካርታውን ዘረጋው። አየሁት፣ አልገባኝም። ይዤ አዞርኩት።

«ምነው ገለበጡት?»

«እኛ የብስን የምናየው ከባሕር ሆነን ነው። ተራራው ከፊቴ፣ ባሕሩ ወደ ደረቴ ካልሆነ አይታየኝም።»

ሳቀ። ከዚያ የሚፈልገውን ነገረኝ። ኮራሉን፣ ያንን ቀለማም የባሕር ድንጋይ፣ ራሱ ጠልቆ አይቶታል። ያጣው ሣሩን ነው። ከባሕሩ ሥር ሣር የሚበቅልበት መስክ አለ። ከላይ ሲያዩት ጭቃ ይመስላል፣ ማንም አይደነቅበትም። ግን የዓሣ ጫጩት የሚያድገው እዚያ ነው፤ ኤሊም የሚግጠው እዚያ ነው። የባሕር ላም የሚሏትንም እዚያ አይቻታለሁ፤ ከልጇ ጋር ስትግጥ ከሥሯ አሸዋው እንደ አቧራ ይነሳል።

ያንን መስክ የሚያውቅ የእኛ ጀልባ ሰው ብቻ ነበር። ሜዳ ባሕር ላይ ቦታ የሚያዘው በሁለት ምልክት ነው። አንዷ ደሴት ላይ ያለው ነጭ መቃብር ከኋላው ካለው ተራራ ስንጥቅ ሥር ልክ ሲገባ፣ ያ አንዱ ነው። የመርከብ መብራት ማማው ከትንሿ ደሴት ጫፍ በስተግራ፣ እጅህን ዘርግተህ ስትለካው፣ አንድ መዳፍ ሲርቅ፣ ያ ሁለተኛው ነው። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ከገጠሙልህ ሣሩ ላይ ነህ።

ናኩዳዬ፣ የጀልባችን አለቃ ማለት ነው፣ ሲሞት አደራ ያለኝ ነገር ነበር። ቦታህን የሚጠይቅህ ሰው ካጋጠመህ አትቆጣ፣ አትከልክለው፤ አንዱን ምልክት እውነቱን ስጠው፣ ሁለተኛውን አዛባበት። ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልግ ይኖራል። እኔ የማውቀው አጥማጅ ሁሉ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው።

እኔም ለባለሙያው መቃብሩን በትክክል ነገርኩት። ማማውን ግን «በስተቀኝ አንድ መዳፍ» አልኩት። ማሰብም አላስፈለገኝም፣ አፌ የለመደው ነው። እሱ በማስመሪያ ሁለት መስመር አሰመረ፣ የተገናኙበትን ነጥብ አከበበ፣ የክልሉንም ድንበር በዚያ በኩል አዞረው። አመሰገነኝም።

ከሳምንት በኋላ ወረቀቱን ጠቅልሎ ሲያስር ደረስኩ። በማግስቱ ጠዋት ሊበር ነው።

«ከመስመሩ ውጭ ያለውስ ምን ይሆናል?» አልኩት፣ እንዲያው ለወሬ።

«ለትልልቅ መርከቦች ፈቃድ ይሰጣል። መረባቸው ወለሉን ጠርጎ ነው የሚሄደው። ግድ የለም አባባ፣ ሣሩ መስመሩ ውስጥ ገብቷል።»

ሣሩ መስመሩ ውስጥ አልገባም። ውጭ ነው የቀረው፣ በእኔ አፍ።

ፉሪ ያለው ቤቴ ስገባ እራቱን ትቼ ነገሩን አነሳሁ። ባለቤቴ ምፅዋ ላይ ዓሣ ስታጸዳ የኖረች ናት፤ ገና ስጀምርላት ገባት።

«ሁለተኛውን ዋሸኸዋ?»

«ዋሸሁት።»

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ማን መጥቶ ቦታህን ሊቀማህ ነው? ይሄ ጤፍ የሚዘራው ጎረቤታችን?»

«የናኩዳው አደራ ነው።»

«ናኩዳው ቢኖር ሣሩ ሲጠረግ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር?»

«በቃ!» አልኳት። በሕይወቴ የተናገርኩትን መልሼ አላውቅም። እሷም ታውቃለች፤ ለዚህ ነው ያላባራችው።

በማለዳ ወጣሁ። እኛ ሰፈር ታክሲ አይገባም ነበር፣ ጭቃውን በእግሬ አቋረጥኩት። ስደርስ ሻንጣው መኪና ውስጥ ነው።

«ሁለተኛው ምልክት ውሸት ነው» አልኩት።

«የምን ምልክት?»

«ማማው። በስተግራ ነው።»

ፊቱ ተለወጠ። «ለምን? ምን በደልኩዎ?»

«ምንም አልበደልከኝም። ቦታ እንዲህ ነው የሚነገረው።»

«ያን ጊዜ ዋሹኝ። አሁንስ እውነት መሆኑን በምን ልወቅ?»

ልክ ነው የጠየቀው።

«አትመነኝ» አልኩት። «ስትደርስ ጀልባ ተከራይ። ብረት በገመድ እሰር፣ ከሥሩ ሞራ ለቅልቅበት። መጀመሪያ በስተቀኝ ጣለው፣ ቀጥሎ በስተግራ። ሞራው ከታች ያገኘውን ይዞ ይወጣል። በግራም አሸዋ ከሆነ ተመልሰህ ከሥራ አባርረኝ።»

መኪናውን አስነሳ። በሩን ከፈትኩለት።

አንድ ወር ገደማ ቆየ። ባለቤቴ በየቀኑ «መጣ?» ትለኛለች፤ እኔም «ሲመጣ እነግርሻለሁ» እላታለሁ። ሌላ ሥራ ማፈላለግ ጀምሬ ነበር፣ ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ሲመለስ ሰላምታው ቀዝቃዛ ነበር፤ አልፈረድኩበትም። ዕቃውን አስገብቶ ሲያበቃ በረንዳው ላይ ጠራኝና የክብሪት ቀፎ ሰጠኝ። ከፈትኩት። ሞራ የያዘው ደረቅ ሣር ነው፣ ቀጭን፣ እንደ ጥብጣብ። አሸተትኩት፤ የባሕር ሽታው ጠፍቷል፣ ሞራ ሞራ ይላል።

«በስተቀኝ አሸዋ ብቻ ነው የወጣው» አለ።

«ነግሬህ ነበር።»

«ሁለት ዓይነት ነው የነገሩኝ፣ አባባ።»

አዲሱን ካርታ አወጣ። ሲዘረጋው ተራራውን ከፊቴ፣ ባሕሩን ወደ ደረቴ አድርጎ ነው የዘረጋው። መስመሩ ሣሩን ዞሮ አልፏል። ናኩዳዬ ይሄን ቢያይ ዳግመኛ ጀልባው ላይ አያወጣኝም ነበር። መስመሩን በጣቴ እስከ መጨረሻው ተከተልኩትና ወደ በሩ ተመለስኩ።