ለጡት ጨርቅ ፍለጋ ወደ ዶርዜ

ይህን ጉዞ የወጣሁት ተናድጄ ነው። ጊዜው ደርግ ነበር፤ እኔም አርባ ምንጭ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ከወሊድ ፈቃድ በተመለስኩ በሳምንቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ወተቴ ፈሶ ካኪ ሸሚዜን አራሰው። ተማሪዎቹ ከሰሌዳው መገልበጣቸውን ቀጠሉ። ርዕሰ መምህሩ ግን ነገሩን ሰምቶ አርብ ቢሮው ጠራኝ።

«ጓድ መምህርት፣ ሰኞ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ወይ ልጅቷን ጡት አስጥያት፣ ወይ ክፍልሽን ሌላ ሰው ይረከብ።»

ልጄ ገና የሦስት ወር ናት! ከወንበሩ ጀርባ ደግሞ የሴቶችን እኩልነት የሚያውጅ መፈክር ተለጥፏል።

ያልሞከርኩት ነገር አልነበረም። ከፋርማሲ የገዛሁት ጥጥ እየተጓጎለ ጡቴ ጫፍ ላይ ይጣበቃል። ስፖንጅ ቆርጬ በውጭ በኩል ላስቲክ ባለብሰው ሸሚዜ ዳነ፣ ቆዳዬ ግን ታፍኖ ተላጠ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ልጄን አዝዬ፣ የሸማኔዎቹ አገር ዶርዜ ልወርድ፣ ወደ ጨንቻ በሚወጣ የጭነት መኪና በሁለት ብር ተሳፈርኩ። ዳገቱ ማለቂያ የለውም። በየመታጠፊያው የአባያ ሐይቅ ከታች ብቅ ይላል፤ ሙቀቱ እየቀረ እንሰቱና ቀርከሃው ይመጣል። መኪናው በነጠረ ቁጥር ወተቴ ይፈሳል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አየና ፊቱን አዞረ። አፈርኩ፤ ማፈሬ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ዶርዜ፣ አራት ሰዓት ገደማ

ሰዎች የጠቆሙኝ ሸማኔ አቶ ሶርሳ ከቀርከሃ ቤታቸው ደጃፍ ይሸምናሉ። የመጣሁበትን እየተንተባተብኩ ብነግራቸው፣ እንግዳ ነኝና ካላቸው ሁሉ ምርጡን፣ ቀጭንና አዲስ ነጠላ አወጡልኝ።

እዚያ ወንድ ይሸምናል፣ ሴት ትፈትላለች። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

«እሱ ሸማኔ ነው፤ አጥብቶ ያውቃል እንዴ? አዲስ ሸማ ወተት አይጠጣም። ጡትሽን አውጪ፣ አሁን እናያለን።»

አቶ ሶርሳ ሸማቸው ላይ አቀረቀሩ። ነጠላው ላይ ያለብኩት ወተት ተንከባሎ ቀሚሴ ላይ ወረደ። ወይዘሮ ማርታ አሮጌ ጋቢያቸውን አመጡ። ጋቢው ጠብታውን ወዲያው ዋጠው።

«ማጉን እኔ ነኝ የፈተልኩት፤ አላጠበቅኩትም። ብዙ ታጥቧል። አራት አድርገሽ እጠፊ። ሲረጥብ ቶሎ ቀይሪ፣ ቀቅለሽ እጠቢ፣ ፀሐይ ላይ አስጪ። ላስቲክ ተይ።»

የርዕሰ መምህሩን ነገር አጫወትኳቸው።

«ሰባት አጥብቻለሁ፤ ተይ ያለኝ ሰው የለም» አሉ። «ሰውዬው ራሱ ምን ጠጥቶ አደገ?»

የገዛ ጋቢያቸውን ቆርጠው ሰጡኝ። ቆጮ በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የበርበሬ ድልህ፣ አበሉኝ። እኔም ከከተማ ይዤ የወጣሁትን ሁለት ሳሙና ሰጥቻቸው በከሰዓቱ መኪና ወረድኩ።

ሰኞ፣ አርባ ምንጭ

እሑድ ጋቢውን ቆርጬና አጥፌ ስምንት የጡት ጨርቅ ሰፋሁ። ሰኞ ተቆጣጣሪዎቹ ከኋላ ተቀምጠው አስተማርኩ፤ ሸሚዜን ጠብታ አልነካውም። ሲሄዱ ርዕሰ መምህሩ ጠራኝ።

«አየሽ፣ ማስጣልሽ ጠቀመሽ» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ስንት ቀን ሙሉ ማፈር የነበረበት እሱ ሆኖ ሳለ እኔ ሳፍርለት ኖሬአለሁ።

«አላስጣልኳትም» አልኩት። በእረፍት የቀየርኩትን እርጥብ ጨርቅ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ወረቀቶቹን ሰብስቦ ደረቱ ላይ ያዘ። ልጄን የማጠባበት ሰዓት መድረሱን ነግሬው ወጣሁ፤ ፈቃድ አልጠየቅኩም።