በጨለለቂ ሙታን የሚቀጠሩበት ቤት

«ነውር ካየሽ ይዘሻት ነይ» አለኝ ወንድሜ፣ ከሲሬ ሚኒባስ ሲያሳፍረኝ። ሴት ልጁ ሌንሴ ነቀምቴ ሥራ ይዛለች። ሥራዋ ምንድን ነው ብንላት «ሰው ማስፈራራት» አለችን። እናቷ ርኩስ መንፈስ ጠረጠረች፤ እኔ አዳዳዋ፣ የአባቷ እህት፣ የጠረጠርኩት ሰው ነው። ትምህርት የጀመርኩት ከወለድኩ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሰው ባነበበልኝ ስታለል ስለኖርኩ ራሴ ያላየሁትን አልቀበልም። እንደምመጣ አልነገርኳትም።

አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ የት እንደምሄድ ጠየቁኝ። «ዘመድ ጥየቃ» አልኩ። አልዋሸሁም።

ነቀምቴ መናኸሪያ በር ላይ የተጠበሰ በቆሎ ቆሜ በልቼ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ ሌንሴ የምትሠራበትን ቤት ያውቀዋል። «እርስዎም ሊጮሁ ነው እናቴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ጨለለቂ

ቤቱ ጨለለቂ ሰፈር ያለ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ባለቤቱ ከድር ከጉራጌ አገር መጥቶ የከተመ ነጋዴ ነው። «አከም ጅርቱ፣ እትዬ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠኝና፣ ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም ብሎ ስልኬን ተቀበለኝ። ይሄ አልጣመኝም። ነገሩ ጨዋታ ነው፦ ሰዎች ከፍለው ይገባሉ፣ ተቆልፎባቸው ቁልፉን ፈልገው ይወጣሉ፤ በመሃል ሙት መስለው የሚያስፈራሩ ተቀጣሪዎች አሉ።

«የፈራ ሰውስ?»

«ግድግዳው ላይ ያለውን ቀዩን መጫኛ ሲጫኑት በሩ ይከፈታል።»

ተጫንኩት፤ ተከፈተ። አስዘግቼ ደግሜ ተጫንኩት።

«እትዬ፣ ሳይገቡ ጨረሱት እኮ!»

ከአራት ተማሪዎች ጋር ገባሁ። ውስጡ ጨለም ብሎ እንደ አሮጌ ሐኪም ቤት ተሠርቷል። ተማሪዎቹ ሲጮኹ እኔ ጓዳ ጓዳውን አያለሁ፦ ሌላ በር አለ? የተደበቀ ወንድ አለ? ወደ ላይ ሳንጋጥጥ የአልጋ እግር ጠልፎ በጉልበቴ ጣለኝ።

ጥግ ላይ በከፈን ተጠቅልላ ስታቃስት የነበረችው ሙት ዘላ መጣች። «እኔን! እኔን! ተጎዱ?» ቀና ስል ፊቴን አየች። «አዳዳ?»

«ዋይ! ሙቷ ዘመድ አላት!» ብለው ተማሪዎቹ በሳቅ ወደቁ።

መብራት በራ። ከድር መጣ። «ሌንሴ፣ ሙት አይናገርም አላልኩም?» አለ፤ እሱም ግን ሳቁን አልቻለም።

ውጭ ስንቀመጥ ሙት ለመምሰል የተቀባችው ዱቄት ከፊቷ አልለቀቀም። «ልትወስጂኝ ነው የመጣሽው?» አለችኝ።

የምታድርበትን አሳዪኝ አልኳት። ከሁለት ሴት ባልደረቦቿ ጋር የተከራየችው ክፍል ነው። መቀርቀሪያውን ሞከርኩ፤ ይይዛል።

ሲሬ

ወንድሜ ደጅ ቆሞ ጠበቀኝ።

«የታለች?»

«ሥራዋ ላይ።»

«ቤቱን አመንሽው?»

«ቤቱን ገና ነኝ። እሷን ግን አምኛለሁ። ጨለማ ውስጥ ስወድቅ፣ ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ፣ ሥራዋን ጥላ ነው የደረሰችልኝ።»

 ደረጃውን ስወጣ ማነከሴን ያየው ያኔ ነው።

«እኔን!» አለና ክንዴን ያዘ።