እህቱን ከታዋቂዎች ዝርዝር የሰረዘው ሰው

ዴዝመንድ ትዌት ከመምህርነት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው አንድ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ባለው ነፃ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ የስካርበርን ከተማ ትምህርት ቤትን ገጽ መጠበቅ። ደመወዝ የለው፣ የሾመው የለ፤ ግን «ታዋቂ የቀድሞ ተማሪዎች» የሚለውን ዝርዝር እንደ ዘበኛ ይፈትሻል። የሥጋ ቤቱ ልጅ ራሱን ይጨምራል፤ ዴዝመንድ ይሰርዛል። የከንቲባው ሚስት ባሏን ትጨምራለች፤ «ዘመድ ለዘመዱ አይጽፍም» ብሎ ይሰርዛል። ሕጉ አጭር ነው፦ የታመነ ጋዜጣ ወይም መጽሐፍ ካልጻፈልህ ታዋቂ አይደለህም።

በዚህ ሕግ፣ ለአንድ ትልቅ ክለብ ተቀይሮ ገብቶ ኳስ ሳይነካ የወጣ ተጫዋች ዝርዝሩ ላይ ተንደላቆ ተቀምጧል። እዚያው ትምህርት ቤት ተምራ የከተማውን ልጅ ሁሉ ብርዱ አጥንት በሚሰብር ባሕር ዋና ያስተማረችው ሂልዳ ትዌት ግን የለችም። ሂልዳ ደግሞ ታላቅ እህቱ ናት።

ትምህርት ቤቱ መቶኛ ዓመቱን ሊያከብር ነው፤ ዝርዝሩ ከገጹ ላይ እንዳለ ታትሞ አዳራሹ ውስጥ ሊሰቀል። ሂልዳ እዚያ ስሟን ማየት ትፈልጋለች። እሑድ እሑድ ምሳ ስታበላው ጥብሱን እየቆረጠች በነገር ትወጋዋለች።

«ያ ኳስ ያልነካው ልጅ እኮ ውሃም አይነካም ነበር። እያለቀሰ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«እታለም፣ ማስረጃ የለማ!»

«አንተን ስትሰምጥ በፀጉርህ ጎትቼ ሳወጣህ ማስረጃ ጠይቄህ ነበር?»

በፀደይ ዴዝመንድ ለጉልበቱ ሆስፒታል ተኛ። ዘበኛ ሲተኛ በር ይከፈታል፤ «ማንነቱ ያልታወቀ» ሰው (የሂልዳ ጎረቤት እንደሆነች ከተማው ሁሉ ያውቃል) ስሟን አስገባ። በዚያው ሰሞን የከተማዋ ጋዜጣ ስለ በዓሉ ጻፈ። ጋዜጠኛው መሥራት ስለማይወድ ዝርዝሩን ከገጹ ገለበጠ፤ ሂልዳም ጋዜጣ ላይ ወጣች።

ዴዝመንድ እያነከሰ ተመልሶ ስሟን ሰረዘ። ስሟ ወዲያው ተመለሰ፤ አሁን ከጎኑ ማስረጃ አለው፦ ጋዜጣው።

«ከእኛው ቀድቶ ለእኛው ምስክር!» ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ።

ስሟን የመለሰው ቤልጅየም የሚኖር፣ አይቶት የማያውቀው ሰው ነው። ዴዝመንድ ሰረዘ። ሰውየው መለሰ። ዴዝመንድ ጋዜጣው ከየት እንደገለበጠ አስረድቶ እንደገና ሰረዘ። ሰውየው ጻፈለት፦ «ጋዜጣ ጋዜጣ ነው። ደግሞ የቤተሰብ ስማችሁ አንድ ነው። ቂም አለህ እንዴ?»

አስተዳዳሪዎቹ ፈረዱ። ደጋግሞ ስለሰረዘና በዘመድ ጉዳይ እጁን ስላስገባ፣ በዓሉ እስኪያልፍ ገጹን እንዳይነካ ታገደ። ለከንቲባው ሚስት ሲያነበንብ የኖረው ሕግ ራሱን ያዘው።

ማምሻውን ሂልዳ ደወለች። «ተባረክ! አስገባኸኝ አይደል?»

እሺ ቢል ምን ነበረበት? ጥብሱም አይቀር፣ ምርቃቱም አይቀር። ግን አንጀቱ አሮ ነበር።

«እኔማ እየደጋገምኩ ሰረዝኩሽ። ያስገባሽ ቤልጅየም ያለ ሰው ነው።»

«ዋና ያስተማርኩት ነው?»

«አያውቅሽም!»

«ሳያውቀኝ ካከበረኝ፣ እሑድ ምሳ እሱ ይምጣ። አንተ ሕግህን ጠብሰህ ብላ!» ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ዴዝመንድ ገጹን ከፍቶ አፈጠጠ። ስሟ ከኳስ ተጫዋቹ በታች ተጽፏል። ጠጋ ብሎ ሲያይ የቤልጅየሙ ሰው የልደት ዘመኗን ተሳስቶ አሥር ዓመት አስረጅቷታል። ማረም አይችልም። ዝርዝሩ ነገ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ ሂልዳ አዳራሹ ውስጥ ስታነበው ማን ላይ እንደምትጮህ ደግሞ መላው ስካርበርን ያውቃል።