ጋዙ አልቋል

ልጄ እኔ ጋ እንዳታድር እናቷ ስትከለክል የምከራከርበት አፍ አልነበረኝም። ከፍቺያችን በኋላ የምኖረው አሜሪካ፣ አውሮራ የምትባል ከተማ ውስጥ እንደ እኔው ታክሲ ከሚነዱ ሦስት ሰዎች ጋር ባለሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነው። አንዱ ለሥራ ሲነሳ ሌላው እዚያው ፍራሽ ላይ ይጋደማል። የስምንት ዓመት ሴት ልጅ እዚያ የት ትተኛለች? እናቷ ክፉ ሰው አይደለችም። የራስህ በር ያለው ቦታ ስታገኝ ትመጣለች ነው ያለችኝ። ቤት መከራየት ሲያቅተኝ በር ያለው መኪና ገዛሁ።

ጓደኞቼን «የቤት መኪና ገዛሁ» ስላቸው አውቶሞቢል መስሏቸው እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። ቤት ያለበት መኪና፣ አርቪ መሆኑን ሳስረዳ ደግሞ ሳቁብኝ። ይሳቁ። እኔ አሜሪካ ከመግባቴ በፊት የተሠራ፣ ቀለሙ የገረጣ ትንሽ አሮጌ አርቪ ነው። ከሾፌሩ ጀርባ ባለሁለት ዓይን ምድጃ፣ የሚታጠፍ ጠረጴዛና አንድ አልጋ አለው። ከሁሉም በላይ ግን ከውስጥ የሚቆለፍ በር አለው።

የሸጡልኝ ጎረቤት ከተማ ቶርንተን የሚኖሩ አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛን በትምህርት ቤት ነው የተማሩት፤ ስለዚህ ከእኔ አማርኛ የእሳቸው ይጠራል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማሩኝ። ጣሪያው ላይ ይዘውኝ ወጥተው መጋጠሚያዎቹን በጣታቸው እየነኩ ዝናብ የሚገባው በዚህ ነው፣ በየዓመቱ ማሸጊያ ቀባው አሉኝ። የባትሪውን ቦታ፣ የቆሻሻ ውሃው ማጠራቀሚያ የሚከፈትበትን፣ የማሞቂያውን ማብሪያ አሳዩኝ። ማብሪያውን ስጫነው ነፋስ መጣ። በነሐሴ ሙቀት ነፋሱ ይሙቅ ይቀዝቅዝ ማን ልብ ይላል? እኔ ሁሉንም እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ እያልኩ ልቤ ልጄ ጋ ነበር። ሞተር አስነስቼ ስወጣ ከግቢያቸው በር ላይ ሆነው ጮክ ብለው፣ «ጋዙ አልቋል፤ ሳታስሞላ እንዳትቀር!» አሉኝ። የነዳጁን ቀስት ባየው እውነትም ባዶው ላይ ነው። የመጀመሪያው ማደያ ገብቼ ጢም አድርጌ አስሞላሁ።

አንድ የማውቀው ሰው ከጋራዡ ጀርባ እንዳቆመው ፈቀደልኝ። መስከረምን በሙሉ ከአየር ማረፊያው የታክሲ ሥራ ስመለስ እዚያ ነበርኩ። ጣሪያውን በጉልበቴ እየዳኽኩ አሸግኩ። መጋረጃ ሰቀልኩ፣ አዲስ ብርድ ልብስ ገዛሁ። ምድጃውን ግን አልነካሁትም፤ የመጀመሪያውን እሳት ከልጄ ጋር እናነደዋለን ብዬ ለእሷ አቆየሁት። ከተፋታሁ ወዲህ ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው። እናቷም መጥታ በሩን ከፍታ ዘጋችና፣ ለአንድ ቅዳሜ እንሞክረው፣ ልጄን በርዷት ብትመጣ ግን ሁለተኛ አትጠይቀኝ አለች።

ያ ቅዳሜ የዓመቱን የመጀመሪያ በረዶ ይዞ መጣ። ልጄን ከእናቷ ቤት፣ ከሴንቴኒያል ይዣት ስመጣ ከመስኮቱ ውጪ በረዶውን እያየች ትስቃለች። ጋራዡ ጋ ደርሰን ሞተሩን አጥፍቼ ማሞቂያውን አበራሁት። ነፋሱ መጣ። ቀዝቃዛ ነው። ትንሽ እንታገሰው ብለን ጠበቅን፤ ይብስ ቀዘቀዘ። ምድጃውን ልለኩስ ብል ክብሪት በክብሪት ላይ ጨረስኩ እንጂ እሳት የሚባል የለም። ልጄ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብታ አፍንጫዋ ቀላ። ከነካልሲዋ የእኔን ወፍራም ካልሲ ደረብኩላት፤ እስከ ጉልበቷ ደረሰ።

ሾፌር ስለሆንን መካኒክ የሆንን ይመስለናል፤ የሁላችንም በሽታ ነው። ካቻቢቴ አምጥቼ የማሞቂያውን ክዳን ፈታሁ። ሽቦ ነቀልኩ፣ ሽቦ መለስኩ። እጄ ደንዝዟል፣ እልህ ይዞኛል፣ ልጄ ከኋላዬ በየደቂቃው «ኢትስ ኦኬ፣ ዳዲ» ትለኛለች። እሱ ነው የባሰ ያቃጠለኝ። ካቻቢቴው ሲያመልጠኝ እሳቱን የሚለኩሰው ነጭ ሸክላ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ያኔ ነው ለሽማግሌው የደወልኩት፤ መጀመሪያ መደወል ሲገባኝ።

«ጋሼ፣ ማሞቂያው ተበላሽቷል» አልኳቸው።

«ጋዝ አስሞልተሃል?»

«ያኔውኑ አስሞልቻለሁ። ሙሉ ነው።»

«የት አስሞላህ?»

«ማደያ ነዋ።»

«ልጄ፣ እሱ ቤንዚን ነው» አሉኝ። «እኔ ጋዝ ያልኩህ የምድጃውን ነው። በውጭ በኩል ትንሿን መዝጊያ ብትከፍት ሲሊንደሩን ታገኘዋለህ። ማሞቂያውም የሚነደው በሱ ነው።»

ቤንዚን! እኛ ታክሲ ነጂዎች ቃሉን ከጣልነው ስንት ዘመናችን። እንደ አሜሪካኖቹ ጋዝ ቀዳሁ፣ ጋዝ ተወደደ፣ ጋዝ ጨረስኩ እንላለን። እሳቸው ትክክለኛውን አማርኛ ተናገሩ፤ እኔ በአሜሪካ ጆሮዬ ሰማሁት። ምንም ያልተበላሸ ማሞቂያ በገዛ እጄ ሰበርኩ። ፊቴን አዙሬ ቆምኩ፤ ልጄ እንባዬን እንድታይ አልፈለግኩም።

ሄደን ሲሊንደሩን አስሞላን። ምድጃው ወዲያው ተለኮሰ። ሁለቱንም ዓይን ከፍቼ እጇን እንድታሞቅ ሳስጠጋት፣ ከምድጃው በላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበችና ይሄ ለማሞቂያ አይሆንም፣ ሊገድል ይችላል ይላል አለችኝ። ወር ሙሉ ያጸዳሁት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው፤ አንድም ቀን አላነበብኩትም። አጠፋሁት።

የቀረኝ የመኪናው የራሱ ማሞቂያ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ከፊት የሚነፍሰው። እሱ ደግሞ በዚያ በስህተት ባስሞላሁት ጋዝ ይሠራል። ልጄን ከነብርድ ልብሷ ከጎኔ አስቀምጬ ወደ አየር ማረፊያው መንገድ ወጣሁ። የምንሄድበት የለንም። ቆመን ሞተሩን እንዳላሠራ ጭሱን ፈራሁ፤ ካልነዳሁ ይበርዳታል፤ ያለው ነገር ያ ብቻ ነው። እግሮቿን ወደ ሙቁ ነፋስ ዘርግታ አውሮፕላን ስትቆጥር ቆየችና፣ «አሁን ካምፕ እያደረግን ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። የአየር ማረፊያውን ድንኳን የሚመስል ነጭ ጣሪያ ሁለቴ ዞርነው። ነገ እስኪነጋ መንዳት እችል እንደሆን በሆዴ አሰላሁ። አልችልም። ሲመሽ ብርዱ ይብሳል፣ እኔም ዓይኔ ይከደናል።

ስለዚህ አመሻሹ ላይ ወደ ሴንቴኒያል መለስኳት። እናቷ ነገ ነበር የምትጠብቀን። በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያየችው ካልሲዬን ነው።

«በረዳሽ?» አለቻት።

«ኖ፣ እማ። ዳዲ አውሮፕላን አሳየኝ።»

ልጄ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔ ጋ አንድ ቀን ውላ ስለ እኔ መዋሸት ለመደች። ዝም ብል ኖሮ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትመጣ ነበር፤ ይህን አውቃለሁ።

«በርዷታል» አልኩ። «እስከ ቀትር ድረስ በርዷታል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ፤ እንደከዳኋት ነው ያየችኝ። እናቷ አልተቆጣችም። «ሲሠራ ንገረኝ፣ ራሴ ገብቼ አየዋለሁ» አለች። «እስከዚያ እዚሁ እየመጣህ እያት።» ልጅቷን በትከሻዋ ይዛ አስገባቻት፤ ካልሲዬን እንዳደረገች ገባች።

መኪናው ውስጥ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ብርድ ልብሱ ከጎኔ ወንበሩ ላይ ተከምሯል። የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ስቆም የመኪናው ማሞቂያ እሳት ይተፋል፤ ፊቴ ጋለ። አጠፋሁት። የሚሞቀው ሰው ወርዷል።