የተጠባባቂው በረኛ እናት

ከሱቄ ጎን የምትሠራው ልብስ ሰፊ አንድ ልጅ አላት። ልጁ ለብሔራዊ ቡድን ተመርጦ የአካባቢያችን አገሮች ታዳጊዎች የሚገጥሙበት ውድድር ላይ ነው። ችግሩ፣ የተመረጠው ለተጠባባቂ በረኛነት ነው። አጥቂ ሲደክመው ይቀየራል፤ በረኛን ምን ያደክመዋል? በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዕድሜው ያልፋል። እንግዲህ ወይ አሁን ይገባል፣ ወይ ማልያውን እንደታጠፈ ይዞ ይመለሳል።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ቴሌቪዥኑም ያለው እኔ ጋ ነው። «ገብተሽ እይ እንጂ» ስላት «ሥራ አለብኝ፣ ኳስ ምን ያደርግልኛል» ትላለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ጨዋታ ሲጀመር የስፌት መኪናዋ ከግድግዳው ወዲያ ይንጣጣል፤ እኛ ስንጮህ ቀጥ ይላል። ወዲያው በሩ ላይ ብቅ ትላለች።

«ገባ?»

«ኳሱ ነው ልጅሽ?» እላታለሁ።

ገላምጣኝ ትመለሳለች። ባለፈው ጨዋታ ቀን የሰው ሱሪ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ሰፍታቸው ስትፈታ ነው ያመሸችው።

የዋናው በረኛ አባት ደግሞ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነው። ልጆቹ አብረው ያደጉ ናቸው፤ የሾፌሩን ልጅ የተቀደደ ቁምጣ ስትጥፍ የኖረችውም እሷው ናት። ሾፌሩ ልጁ ላይ ኳስ ሲመታ ማየት አይችልም፣ ቤቱ መቀመጥም አይችልም። ስለዚህ ጨዋታ ባለ ቁጥር እኔ ጋ መጥቶ ጢሙን ይላጫል። እውነቱን ለመናገር በዚህ ውድድር የሚላጭ ጢም አልቀረለትም። ወንበሩን አስተኝቼ ሙቅ ፎጣ ፊቱ ላይ ጣል ሳደርግለት ትንሽ ይረጋል፤ ጨዋታውን ከፎጣው ስር ይሰማል።

የግማሽ ፍጻሜው ቀን አንድ ለአንድ ነበርን። የማዕዘን ምት ተሻማ፤ የሾፌሩ ልጅ ዘሎ ሊይዝ ሲል ከአጥቂ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ሁላችንም ጮኽን። የስፌት መኪናው ቆመ፤ ሴትዮዋ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ዘው አለች። ልጁ ክርኑን ተደግፎ ቀና ለማለት ይታገላል።

«አትነሳ!» ብላ ጮኸች። «እዚያው ተኛ! የኔም ልጅ ይግባ እንጂ!»

በፎጣ የተሸፈነው ደንበኛ ማን እንደሆነ ከየት ታውቃለች? ልጠቅሳት ብሞክር አላየችኝም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሾፌሩ ፎጣውን ቀስ ብሎ ከፊቱ አነሳ።

ክው ብላ ቀረች። «ጋሼ… ምላሴን ይቁረጠው! እርስዎ መኖርዎን…»

«ባልኖርስ?» አለ። ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ልጁን በቃሬዛ እያወጡት ነበር። ስልኩን አውጥቶ ለቡድን መሪው ደወለ፤ የሚያነሳ የለም። ደገመው፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ በር ድረስ ሄዶ ተመለሰ።

በዚህ መሃል አንዱ ደንበኛዬ «ልጅሽ! ልጅሽ ገባ!» ብሎ ጮኸ። ልጇ ጓንቱን እያጠበቀ ወደ ግቡ ይሮጣል። ያን ሁሉ ጊዜ በር ላይ ብቅ ጥልቅ ስትል የከረመችው ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንጀቴን በላችው።

«ዞረሽ እይው» አላት ሾፌሩ።

«አልችልም ጋሼ። በምን ዓይኔ?»

«ልጅሽ ልምምድ ላይ እጁን ወለም ያለው ጊዜ ትዝ ይልሻል?» አለ። «ቤትሽ መጥቼ አይዞህ ያልኩት?»

«ትዝ ይለኛል።»

«ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከገባ የኔን ያስቀረዋል ብዬ፣ እንዳይድን ስጸልይ ነው የሰነበትኩት። አሁን እይው፤ ደግሞ ፍርሃቱን ለብቻዬ አትተይብኝ።»

እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ዞረች። በዚያው ቅጽበት ኳሷ ከሩቅ ተመትታ ወደ ልጇ ትመጣ ነበር። «ያዛት!» ብሎ ቀድሞ የጮኸው ሾፌሩ ነው። ልጁ ተወርውሮ ያዛት፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

እሷ አላጨበጨበችም። «ጋሼ፣» አለች፣ «ይደውሉ እስቲ፣ እንደገና ይደውሉ።»