ትልም ላይ የመታሁት ሚስማር

ልጆቼ የየራሳቸውን ቤት ሲይዙ ለእያንዳንዳቸው መዶሻ ሰጠሁ። ሶፋና መጋረጃ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። መዶሻ፣ ጉጠት፣ መጋዝና መሮ የሌለው ሰው ግን ቤቱ የጎረቤቱ ነው። ይህን ያስተማረኝ እስከ ዛሬ የምጠላው ሰው ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። ከጉና ተራራ ግርጌ እርሻዬን ትቼ ደብረ ታቦር ገባሁ። ማንበብና መጻፍ በራሴ ተምሬ ስለነበር እህል መጋዘን ተቀጠርኩ፤ ኋላም ከቀበሌ ቦታ ተመርቼ ቆርቆሮ ክዳን የጭቃ ቤት ሠራሁ። አናጢው ሥራውን ሲጨርስ መሣሪያውን ይዞ ሄደ። ለእኔ የቀረኝ ከአገር ቤት ያመጣሁት መጥረቢያ ብቻ ነበር።

ክረምቱ እንደገባ፣ ሚስቴ አራስ ሳለች፣ ከጉና የወረደ ንፋስ ከመኝታዋ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ገነጠለው። ዝናቡ እሷና ሕፃኑ ላይ መውረድ ጀመረ። ሮጬ ጎረቤቴ ደጅ ቆምኩ። የቀበሌ ሹም ነው፤ መዶሻው በረንዳው ላይ ተሰቅሎ ይታየኛል።

«እባክዎ መዶሻዎን ያውሱኝ፤ አራሷ ላይ እየዘነበ ነው» አልኩት። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አንቱ እለው ነበር።

ከእንግዶቹ ጋር ጠላ ይጠጣል። ከመቀመጫው አልተነሳም።

«ጓድ ባለቤት! ቤት ሠርተህ መዶሻ የለህም? ሂድ፣ በመጥረቢያህ ጀርባ ምታው!»

እንግዶቹ ሳቁ። ተመልሼ በመጥረቢያው ጀርባ መታሁት። የገበሬ ልጅ ነኝና የቆርቆሮው ጎድጓዳ ትልም መሰለኝ፤ እንደ ዘር ሚስማሩን በየትልሙ ቀበርኩት። ውሃው የሚወርደው ደግሞ በዚያው ነው። በየሚስማሩ ቀዳዳ ያፈስ ጀመር፤ አራሷን ከጥግ ጥግ ሳዞር ዋልኩ። ሹሙ በአጥሩ ላይ ቀና ብሎ ጣራዬን አየና፣ «ምን ዘራህበት? ጤፍ ነው ገብስ?» አለኝ። ነገሩ መንደሩን አዳረሰ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ «ጣራህ በቀለ ወይ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ሚስቴን ሳል ይዟት ክረምቱን ሙሉ አልለቀቃትም። ያን ሳል በሰማሁ ቁጥር ያ ሰው ደጄ ቆሞ መዶሻ የሚለምንበትን ቀን አስብ ነበር።

መጀመሪያ መዶሻ ገዛሁ፣ ከአንበሳሜ ገበያ፤ በአንድ ወገኑ የሚመታ፣ በሌላው ሚስማር የሚነቅል። ጉጠቱ፣ መጋዙና መሮው ተራ በተራ መጡ። አናጢዎች ሲሠሩ ቆሜ እያየሁ ሚስማር በቆርቆሮው ጀርባ፣ ጉብ ባለው ላይ እንደሚመታ፣ ከሚስማሩ ራስ ሥርም ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ እንደሚገባ ተማርኩ። ጣራዬን ነቅዬ እንደገና መታሁት። ከዚያ በኋላ ጠብታ አልገባም።

ቀኑም መጣ። ከፋሲካ በኋላ የሹሙን ልጅ ሊድሩ ዳስ ተጥሎ፣ ሰርገኛ ሲጠበቅ፣ ያው የጉና ንፋስ ድግሱ ያለበትን ቤት ቆርቆሮ ገነጠለው። ደመናው ጠቁሯል። የእሱ መዶሻ ዳስ ሲተከል እጀታው ተሰብሮ ነበር። በሰው ፊት ደጄ መጥቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ እባክዎ መዶሻዎን» አለኝ። በዕድሜ ከእሱ የማንሰውን እኔን!

«የመጥረቢያ ጀርባ አይሆንዎትም?» አልኩት።

መሬት መሬት ያያል።

«መዶሻዬ ከእጄ አይወጣም። ራሴ እመጣለሁ፤ እርስዎ መሰላሉን ይይዛሉ።»

በአዲስ ካባው መሰላል ያዘ፤ ሚስማርና የጎማ ቁራጭ አቀበለኝ። ሰርገኛው ደርሶ ሁሉም ወደ ላይ ሲያይ፣ ከጣራው ላይ ጮክ ብዬ ጠየቅሁት።

«ጌታው! ትልሙ ላይ ልዝራው ወይስ ጀርባው ላይ ልምታው?»

«ጀርባው ላይ» አለ በቀስታ።

«አልሰማሁም!»

«ጀርባው ላይ፣ ጌታዬ!»

ሕዝቡ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሚስማሩን መታሁ።

የንስሐ አባቴ ቂም እንድተው ይመክሩኛል፤ አልተውኩትም። ሥራውን ግን አላበላሸሁም። ሆን ብሎ የሚያፈስ ጣራ የሚሠራ ሰው ወራዳ ነው፤ እኔ ደግሞ ያ ጣራ እንዲጸና ፈልጌ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ያ ሰው ሳይረጥብ ይተኛል፤ ከዝናብ ያዳነው የእኔ ሚስማር መሆኑን እያወቀ ይተኛል።