ጎንዞ ደወሉን የሰበረበት እጅ

ኦኩዳይራ ሚትሱኮ ስትናደድ ጆሮዋ ይቀላል። በአማጋሳኪ የገበያ መተላለፊያ ውስጥ ሱቅ ያለው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጠዋት ሰላም ከማለቱ በፊት ጆሮዋን የሚያይም አለ። ሱቁ የአባቷ ነበር። እሳቸው ደብተርና ቀለም ይሸጡበት ነበር፣ እሷ የመጫወቻ ካርድ ትሸጥበታለች። ካርዱ «የእሳት ደወል» ከተባለው ማንጋ የወጣ ነው፤ የእንጨት ከተማን ከእሳት የሚጠብቁ ዘበኞች ታሪክ በሥዕል በየሳምንቱ ይወጣል፣ አገሩ ሁሉ ያነበዋል። ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት ተቀምጠው ዘበኞቻቸውን በካርድ ያጋጥማሉ።

ዕድሜዋ ስልሳ አንድ ነው። አላገባችም፤ ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው ሁለተኛ አይጠይቃትም። ቅዳሜ ከሰዓት በሱቁ ጓሮ አራት ጠረጴዛ ዘርግታ ለተጫዋቾች ትለቃለች። የሰው ካርድ ሳያስፈቅድ የነካውን ታስወጣለች። ተሸንፎ ያኮረፈውን ታስወጣለች። አሸንፎ የፎከረውን ግን በር ድረስ ተከትላ ትሰድበዋለች። እንዲህም ሆኖ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም ተመልሰው ይመጣሉ።

አንጀቷን የሚያሳርሯት አትራፊዎቹ ናቸው። አዲስ የካርድ ሳጥን በሚወጣበት ቀን ከተጫዋቾቹ ቀድመው ይሰለፉና መደርደሪያውን ጠርገው ይወስዳሉ፣ ከበሩ ሳይርቁም በስልካቸው በእጥፍ ይሸጡታል። ካርዱን ዞር ብለው እንኳን አያዩትም። ስለዚህ ሚትሱኮ ሕግ አወጣች። ገዢው ስሙንና አድራሻውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይሰጣታል፣ እሷም ስለ ታሪኩ አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች። ከመለሰ ሳጥኑን ታወጣና ላስቲኩን እዚያው ፊቱ ትቀድደዋለች፣ የተቀደደ ሳጥን ለአትራፊ አይሆንምና። ሌሎች ሱቆችም እንዲህ ያደርጋሉ፤ የእሷን ያህል ደስ እያለው የሚያደርገው ግን የለም።

የጥቅምቱ ሳጥን የወጣ ቀን ጥያቄዋ ጎንዞ ደወሉን የሰበረው በየትኛው እጁ ነው የሚል ነበር። ጎንዞ ወፍራሙ ዘበኛ ነው፣ ከሁሉም አብልጣ የምትወደው። ካርዱ መሳቢያዋ ውስጥ አለ፤ በሚያብረቀርቀው ነሐስ መካከል ጎንዞ መዶሻውን በግራ እጁ አንስቷል። «በቀኝ» ያሉ ሦስት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ወጡ። አንደኛው ሊከራከር አፉን ከፈተና ጆሮዋን አይቶ ተወው።

ቀጥሎ ሃምሳውን ያለፈ፣ ሱፍ የለበሰ ሰው ቀረበ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጣት። ስትጠይቀው መሬት መሬት እያየ አላውቅም አለ፣ ታሪኩንም አንብቤው አላውቅም አለ።

«ታዲያ ያላነበቡት ነገር ምን ያደርግልዎታል?»

«ለሰው ነው። እባክዎ፣ አንድ ሳጥን ብቻ።»

ሁሉም ለሰው ነው የሚሉት። ጠዋት አንዱ አትራፊ ለታመመች አክስቴ ነው ብሏት ነበር። ሚትሱኮ እርስዎ ማለቷን እዚያው ጣለችው።

«ሂድ ሌላ ቦታ ነግድ» አለችው። «ዕድሜህን አታፍርበትም? ልጆች በሚጫወቱበት ላይ እንደ ጥንብ አንሳ ታንዣብባለህ።»

ከሰልፉ ውስጥ የሳቀ ነበር። ሰውየው አንገቱ ድረስ ቀላ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና ወጣ። ሚትሱኮ ደስ አላት፤ እስከ ምሳ ድረስ ደስ ሲላት ቆየ።

ከምሳ በኋላ ወረቀቶቹን ስትሰበስብ የሰውየውን አገኘች። ኒሺዋኪ ይላል። ከጀርባው ሌላ ቁራጭ ተያይዟል፣ በእርሳስ የተጻፈ። «አባባ፣ አዲሱን ሳጥን ግዛልኝ። ከኦኩዳይራ ሱቅ ብቻ ይሁን፣ እዚያ አያጭበረብሩም። ቺናሚ።»

ቺናሚን ታውቃታለች። ቢጫ ሻርፕ አድርጋ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ የምትጫወት ወጣት ነበረች፣ አንድ ቅዳሜ ቀረችና በዚያው ጠፋች። ሚትሱኮ ሌላ ሱቅ ሄዳ ነው ብላ ተቀይማት ነበር። ወረቀቱን ይዛ ወደ ጎረቤቷ ወደ ዓሣ ጠባሹ ሙሮይ ሄደች፤ የመተላለፊያው ወሬ ሁሉ እሱ ዘንድ ነው የሚያድረው። ሙሮይ ነገራት። ልጅቱን ከመሥሪያ ቤቷ አዋርደው አስወጧት፤ ከዚያ ወዲህ ከክፍሏ አልወጣችም፣ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አባቷ ምግቧን በር ላይ ያኖርላታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ድምፅዋን አልሰማም።

«እና ዛሬ የሰደብሽው እሱን ነው?» አላት። «አንቺም አበዛሽው፣ ሚትሱ።»

«ዝም በል።»

«ዝም አልኩ።»

ለቅዳሜ አሸናፊ ያስቀመጠችውን ሳጥን ከመደርደሪያ አወረደች፣ ሱቋን ያለሰዓቱ ዘግታ ብስክሌቷ ላይ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ይቅርታ ስታጠና ሄደች፤ ሁሉም አፏ ውስጥ ስድብ እየሆነ አስቸገራት። በራሷ ተናዳ ነበር፣ በራሷ መናደድ ደግሞ አለመደባትም።

አቶ ኒሺዋኪ በሩን ከፈተ፣ ሱፉን ገና አላወለቀም። ሚትሱኮ ግንባሯ ጉልበቷን እስኪነካ ጎንበስ አለችና አጥፍቻለሁ አለች። እሱ ግን ሕግ ሕግ ነው፣ ሳላነብ የመጣሁት እኔ ነኝ አላት። ምነው በሰደበኝ አለች በልቧ። ወረቀቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ልጁ የጠየቀችው የመጀመሪያ ነገር መሆኑን ነገራት፤ ባዶ እጁን በሯን ማንኳኳት አቅቶት እስካሁን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሽቅብ ወጥታ አንኳኳች። ማን እንደሆነች ተናገረች፣ ሳጥኑን ማምጣቷንም ነገረች፣ አባትሽን ሰው ፊት ሰድቤ ባዶ እጁን የመለስኩት እኔ ነኝ አለች። የተዘጋው በር ጆሮዋን ያቀላው ጀመር። ለስላሳ ነገር መናገር አታውቅበትም፣ የምታውቀውን ተናገረች።

«ሕጉ ላንቺም ሕግ ነው» አለች። «ጎንዞ ደወሉን የሰበረው በየትኛው እጁ ነው?»

ከውስጥ ወለሉ ሲጢጥ አለ።

«በቀኝ» አለ የሻከረ ድምፅ።

«ተሳስተሻል። በግራ ነው።»

«በቀኝ ነው። ካርዱን አይተው ነው አይደል? ካርዱ ላይ ያለው በደወሉ ነሐስ ላይ የሚታየው መልኩ ነው፣ እንደ መስታወት የተገለበጠ። ሰባተኛውን ቅጽ ይክፈቱት። እትዬ ሚትሱኮ፣ አላነበቡትም እንዴ?»

አላነበበችውም። ስድስተኛው ላይ ያቆመችው ከዓመታት በፊት ነው፣ ለማንም አልተናገረችም። «በቀኝ» ያሉት ሦስቱ ሰዎች ትዝ አሏት፣ ጆሮዋም በሌላ ምክንያት ጋለ።

«እና በዚህ በማያውቁት ጥያቄ ነው አባቴን ሰው ፊት ያዋረዱት?» ቺናሚ አሁን እየጮኸች ነበር፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «የእኔን አባት? እሱ ሰልፍ ላይ ሰው ቀድሞ አያውቅም። የሰው ነገር ነክቶ አያውቅም። ምን አደረገዎት?»

ሚትሱኮ መልስ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለሰደባት ሰው መልስ አጥታ አታውቅም። ዞር ስትል አቶ ኒሺዋኪን አየችው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሏል፣ በሁለት እጁ አፉን ይዞ፣ ዓይኑ በሩ ላይ ተተክሏል።

መልሷን ዋጠችው። ሳጥኑን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አኖረችና ወደ በሩ ተጠጋች።

«ሌላስ?» አለች። «ሌላስ ምን አጠፋሁ? ንገሪኝ።»